የባትሪ ድንጋይ

ካዛንቺስ ባደግሁበት ግቢ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ላይ የሚሰጣው በርበሬና ድርቆሽ ብቻ አልነበረም። የአባቴ ሬዲዮ የደከሙ ድንጋዮችም አብረው ይሰጡ ነበር። ፀሐይ ሲያገኛቸው ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ፤ የማታው ዜና እስኪያልቅ ያደርሱናል። ጭራሽ ሲሞቱ እኛ ልጆች እንረከባቸዋለን። ልባሳቸውን ቀጥቅጠን ከመሀል ያለችውን ጥቁር ዘንግ እናወጣና አስፋልት ላይ እንጽፍባታለን፤ ጥቁሩን ዱቄት ደግሞ ትልልቆቹ ልጆች ለትምህርት ቤት ሰሌዳ ማጥቆሪያ ይወስዱታል። "ሬዲዮው ድንጋይ ጨርሷል" ይባላል። ሱቅ ሄደን "የባትሪ ድንጋይ ስጠን" ስንል ባለሱቁ የሚጠይቀን "ትልቁን ነው ትንሹን?" ብሎ ብቻ ነው።

ካደግሁ በኋላ ነው የሊቲየምን ስም አመጣጥ ያነበብሁት። እ.ኤ.አ. በ1817 ዮሐን አውጉስት አርፍቬድሶን የተባለ ወጣት ስዊድናዊ ኬሚስት ፔታላይት የሚባለውን ማዕድን ሲመረምር ከዚያ በፊት የማይታወቅ ንጥረ ነገር አገኘ። መምህሩ ቤርሴሊየስ ስሙን ሊቶስ ከሚለው የግሪክ ቃል አወጣለት። ሊቶስ ማለት ድንጋይ ነው። የሱቃችን ሰው ግሪክኛ አያውቅም፤ ዛሬ ስልክና መኪና የሚያንቀሳቅሰውን ነገር ግን በትክክለኛ ስሙ ሲጠራው ኖሯል።

የምተርከው የዚህን ድንጋይና የካዛንቺስን ታሪክ ነው። በመካከላቸው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ፤ ድንጋዩ ያለው ደቡብ ጉጂ ውስጥ ነው፣ ስለ ድንጋዩ የሚመከርባቸው አዳራሾች ደግሞ ካዛንቺስ ባለበት ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ናቸው። ሁለቱ ሳይገናኙ ብዙ ዘመን አልፏል።

ሰፈሩ ይቅደም። ጣሊያኖች አዲስ አበባን በያዙባቸው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ የሚሠራ ድርጅት ነበራቸው፤ በምህጻረ ቃል ኢንቺስ ይባላል። ካዛ ኢንቺስ፣ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ወራሪው ሲባረር ቤቶቹ ቀሩ፤ የከተማው ሰው አፍ ሁለቱን ቃላት አጣብቆ ካዛንቺስ አላቸው። የጣሊያን ዕዳ ግን በቤቶቹ አላበቃም። ከጦር ካሳው በተገኘ ገንዘብ አዋሽ ላይ የቆቃ ግድብ ተሠራና በ1952 ዓ.ም. 43 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመረ። አዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠገብ ያለ መብራት ያገኘችው ያኔ ነው።

በዚያው ሰሞን ሰፈራችን የአህጉር አደባባይ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተመሠረተና መቀመጫው አዲስ አበባ እንዲሆን ተወሰነ። ንጉሠ ነገሥቱ አዳራሹን እንዲነድፍ ያዘዙት ጣሊያናዊውን አርቱሮ ሜዜዲሚን ነበር። አፍሪካ አዳራሽ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። መግቢያው ላይ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ ዘመን፣ ያኔ የነበረችበትን ትግልና መጪውን ጊዜ ያሳያል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር እዚያው ተፈረመ። ከፖለቲካ ነፃነት ቀጥሎ የኢኮኖሚ ነፃነት ይመጣል የሚለው ንግግር ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ አዳራሽ ሲሰማ ኖሯል።

የጉጂ ምድር በዚያን ዘመን የሚታወቀው በወርቅ ነበር። በአዶላ ወንዞች ዳር አሸዋ የሚያጥቡ ሰዎች፣ እስረኛም በግድ የመጣም የነበረባቸው፣ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ወርቅ ይለቅሙ ነበር። ከተማይቱም ክብረ መንግሥት ተብላ ተጠራች። እንዲህ ያለ ስም ሳነብ ሁልጊዜ የማስበው የአጣቢዎቹን እጅ ነው። መንግሥት የተከበረበትን ወርቅ ያወጡት ሰዎች ስም በየትኛውም የከተማ ካርታ ላይ የለም፤ ስለ ሊቲየሙ ስናወራም ይህን ነገር ከአእምሯችን ባናርቀው ይሻላል።

ከዚያ 1966 ዓ.ም. መጣ። ዓለም በነዳጅ ቀውስ ተመትቶ ዋጋው ሰማይ ሲነካ፣ በየካቲት ወር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መምህራኑና ተማሪው ተከተሏቸው፤ ሠራዊቱም አድሞ ነበርና አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የአብዮቱ ምክንያት ብዙ ነው፣ ረሃቡም መሬቱም አለበት። ነገር ግን ነዳጅ የሚገዛ አገር ከባሕር ማዶ በሚቆረጥ ዋጋ እንዴት እንደሚናወጥ ከዚያ የካቲት የበለጠ ያሳየ ወር የለም። እናቴ ዛሬም የነዳጅ ሰልፍ ባየች ቁጥር "ያኔም እንዲህ ነው የጀመረው" ትላለች።

ዘውዱን የተካው ደርግ ፊቱን ወደ ሞስኮ ባዞረበት ዘመን የሶቪየትና የኢትዮጵያ ጂኦሎጂስቶች አብረው ወደ አዶላ ቀበቶ ወረዱ። ወርቅ ሲፈልጉ ሌላም አገኙ። ዛሬ ሰባ ቦሩ በሚባለው ወረዳ፣ ቀንጢቻ ላይ፣ ነጣ ያለ አለት ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ተዘርግቶ አለ፤ ውፍረቱ በቦታው እስከ 100 ሜትር ይደርሳል። የአለቱ ዓይነት ፔግማታይት ይባላል።

ፔግማታይት እንዴት እንደሚፈጠር ያስረዱኝ የካዛንቺስ ጎረቤታችን የነበሩ፣ በጂኦሎጂ ሥራ አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። "የቀለጠ አለት ከምድር ሆድ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ድግስ በለው" አሉኝ። "ብረቱም ካልሲየሙም፣ ብዙ ዘመድ ያለው ሁሉ ቀድሞ ገብቶ መቀመጫ ይይዛል። ሊቲየም በጣም ትንሽ ነው፣ ታንታለም ደግሞ ጠባዩ ለብቻ ነው፤ የሚያስቀምጣቸው ያጣሉ። እንግዲህ እነዚህ መቀመጫ ያጡት እንግዶች መጨረሻ ላይ በቀረችው ፈሳሽ ውስጥ ይሰበሰባሉ። እሷ ስትረጋ ነው ቀንጢቻ የሆነችው።" የተመራማሪዎች የዕድሜ ልኬት ያ ድግስ የተደገሰው ከ530 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ያመለክታል።

ጋሼ አልጋቸው ሥር አንድ የእንጨት ሳጥን አላቸው። ከዚያ አውጥተው የሰጡኝ ድንጋይ ክንዴ ድረስ የሚረዝም፣ ጠፍጣፋ፣ አረንጓዴ የነካካው ነጭ ነገር ነበር። ስፖዱሚን ይባላል። ለድንጋይ አይመስልም፤ በርዝመቱ የተሰነጣጠቀ ደረቅ እንጨት ይመስላል፣ ጠርዙን በጥፍር ሲነኩት ስንጥር እየሆነ ይነሳል። ወደ ፀሐይ ሳዞረው በየስንጥቁ ብርሃን ገባና እንደ ዓሣ ቅርፊት አብለጨለጨ። ከክብደቱ ከመቶ ስምንት እጅ ገደማ የሊቲየም ኦክሳይድ ነው፤ የቀረው አሉሚኒየም፣ ሲሊኮንና ኦክስጅን ነው። "በእኛ ጊዜ ይሄ ማንም የማይፈልገው ነበር" አሉኝ ጋሼ፣ መልሰው እየተቀበሉኝ። "የሚፈለገው ታንታለሙ ነበር።"

እውነታቸውን ነው። በደርግ መጨረሻ ዓመታት ቀንጢቻ ላይ ሙከራ ማምረቻ ተተከለ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ደርግን የጣለው የአማፂያኑ ሠራዊት አዲስ አበባ ሲገባ፣ ጃፓን ውስጥ ሶኒ ኩባንያ የዓለምን የመጀመሪያ የሊቲየም አዮን ባትሪ ለገበያ ያወጣበት ዓመት ነበር። ማንም ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ አላሰበም፤ ማን ሊያስብ ይችል ነበር? እኛ ያን ዓመት ያስጨነቀን የዳቦና የጥይት ጉዳይ ነው። የጃፓኑ ባትሪ ደግሞ ለቪዲዮ ካሜራ ተብሎ የተሠራ ትንሽ ነገር ነበር።

ቀንጢቻ ሥራውን በታንታለም ቀጠለ። ታንታለም በኤሌክትሮኒክስ ውስጥ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ይዘው የሚለቁ ጥቃቅን ዕቃዎች የሚሠሩበት ብረት ነው። ሞባይል ስልክ በዓለም ሲስፋፋ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ዋጋው ድንገት ተተኮሰ፤ ኮንጎ ውስጥ ኮልታን እየተባለ የደም መፋሰሻ የሆነውም ይኸው ማዕድን ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ኩባንያ በቀንጢቻ የሚቆፍረው የላይኛውን፣ በዝናብና በዘመን ብዛት ወደ ነጭ ሸክላ የተለወጠውን ክፍል ነበር። ሸክላው ይታጠባል፣ ከባዱ ጥቁር ማዕድን በክብደቱ ተለይቶ ይቀራል፣ በርሜል ውስጥ ገብቶ ወደ ውጭ ይጫናል። ስፖዱሚኑ ያለበት ደረቅ አለት ከሥር ተኛ።

በርሜሎቹ ራሳቸው ችግር ነበረባቸው። በታንታለሙ ውስጥ ዩራኒየምና ቶሪየም ተቀላቅለዋል፤ በዚህ የተነሳ ጭነቱ በዓለም አቀፍ ደንብ እንደ ራዲዮአክቲቭ ዕቃ ይታያል፣ የሚጭነው መርከብ እንደ ልብ አይገኝም፣ የሚገዛውም ዋጋ ይቀንሳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች የቀንጢቻን ማዕድን በቤተ ሙከራ አሟሙተው ራዲዮአክቲቩን ለመለየት የሠሩት ሥራ በሳይንስ መጽሔቶች ታትሟል። የሚያኮራ ሥራ ነው። ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ፋብሪካ ሲሆን ግን አላየንም፤ ታንታለሙም እንደታጠበ፣ ጥሬውን፣ ሄደ። ይህን ረጋ ብዬ የምተርከው ሊቲየሙም ያንኑ መንገድ ይዞ እንዳይሄድ ስለምፈራ ነው።

ወደ ቂርቆስ ልመለስ። በጥር 2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተሰበሰቡት የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ የማዕድን ራዕይ የሚባለውን ሰነድ አጸደቁ። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦ አህጉሩ ጥሬ ዕቃ እየጫነ የተሠራውን እየገዛ መኖር ይብቃው፣ ማዕድኑ የአገር ውስጥ ኢንዱስትሪ ይውለድ። ራዕዩን የሚያግዝ የማዕድን ልማት ማዕከልም ተቋቁሞ ሥራውን የጀመረው በካዛንቺሱ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ነው። ሰነዱን ሳነበው የአፈወርቅ መስታወት ሦስተኛው ክፍል በወረቀት የተጻፈ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ከተማይቱ በኤሌክትሪክ መንቀሳቀስ ጀመረች። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ጀመረ፤ መስቀል አደባባይን ተሻግሮ በስታዲየም በኩል ሲያልፍ ከካዛንቺስም ሰው እየወጣ ያየው ነበር። ዓመት አለፍ ሲለው የጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ሁለቱም ግን የሚሄዱት ከሽቦ በሚወስዱት ኃይል ነው፤ ሽቦው ባለቀበት ይቆማሉ። ኤሌክትሪክን በሆዱ ይዞ የሚሄድ ነገር የምንፈልገው ለዚህ ነው።

በጉጂ ግን የሕዝቡ ትዕግሥት እያለቀ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሻኪሶና አዶላ በተቃውሞ ተናወጡ፤ ነዋሪው ስለ ለገደምቢ የወርቅ ማዕድን የሚለው ከባድ ነገር ነበር፦ ውኃችን ተበከለ፣ ከብታችን አለቀ፣ ልጆቻችን ጎድለው ተወለዱ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር መንግሥት የማዕድኑን ፈቃድ አገደ። ቀንጢቻ ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ አካባቢው አንድ፣ ሕዝቡ አንድ፣ ጥያቄውም አንድ ነው። መሬታቸው ሲቆፈር ያዩት የጉጂ አርብቶ አደሮች ያገኙት ምንድን ነው? ሊቲየም ፍለጋ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይህን መመለስ አለበት ብዬ አምናለሁ። ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ይኸው ነው፤ የኬሚስትሪው ክፍል ከዚህ ይቀላል።

መስከረም 2012 ዓ.ም. ላይ በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት የኖቤል ዜናዎች ተሰሙ። የኬሚስትሪው ሽልማት ለሊቲየም አዮን ባትሪ አባቶች፣ ለጉድኢናፍ፣ ለዊቲንግሃምና ለዮሺኖ ተሰጠ። የሰላሙ ደግሞ ለኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ለዐቢይ አሕመድ። ሰፈራችን የሰማው ሁለተኛውን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን ሞተር አገር ውስጥ የገጣጠመውን የሂዩንዳይ የኤሌክትሪክ መኪና አስተዋወቀ።

ኅዳር 2014 ዓ.ም. ከካዛንቺስ የወጣ አንድ ጥናት ኪንሻሳ ላይ በተካሄደ ስብሰባ ቀረበ። የኢኮኖሚ ኮሚሽኑና አጋሮቹ ብሉምበርግ ኤን.ኢ.ኤፍ የተባለውን አጥኚ ድርጅት ያስጠኑት ነው። ጥያቄው፦ ካቶድ ለሚባለው የባትሪ ክፍል የሚሆን ግብዓት በዓመት 10,000 ቶን የሚያመርት ፋብሪካ የት ቢተከል ይረክሳል? መልሱ፦ ኮንጎ ውስጥ 39 ሚሊዮን ዶላር፣ ፖላንድ 65 ሚሊዮን፣ ቻይና 112 ሚሊዮን፣ አሜሪካ 117 ሚሊዮን። አፍሪካ ውስጥ መሥራት አይቻልም፣ ውድ ነው የሚለውን የቆየ አባባል ይህን ያህል በቁጥር የመታ ወረቀት አላውቅም። ሚያዝያ 21 ቀን ኮንጎና ዛምቢያ የባትሪ የእሴት ሰንሰለት በጋራ ለመገንባት ሉሳካ ላይ ስምምነት ፈረሙ።

በዚያው 2014 ዓ.ም. የቀንጢቻ ስም እንደገና ተነሳ፤ አሁን ግን በሊቲየም። የአውስትራሊያው አቢሲኒያን ሜታልስ ከኦሮሚያ ማዕድን አክሲዮን ማኅበር ጋር ቀንጢቻ ማይኒንግ በተባለ የጋራ ኩባንያ ድርሻ ይዞ መጣ፤ 51 በመቶው የውጭው፣ 49 በመቶው የክልሉ። ወቅቱ የሊቲየም እብደት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የአንድ ቶን ሊቲየም ካርቦኔት ዋጋ ቻይና ገበያ ላይ ወደ 80,000 ዶላር ተጠግቶ ነበር። ዚምባብዌ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ጥሬ የሊቲየም ድንጋይ ከአገር እንዳይወጣ አገደች፤ ናሚቢያም ተከተለቻት።

ዋጋው እንደወጣ አልቆየም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከ15,000 ዶላር በታች ወረደ። አዳዲስ ማዕድን ማውጫዎች ገቡ፣ የቻይና ማጣሪያዎች አከማችተው ነበር፣ ገዢው ቀዘቀዘ። ሕልሙን በከፍተኛው ዋጋ ላይ የሠራ ሁሉ ደነገጠ። ማዕድን ዋጋው ሲወጣ የሚሰበሰብ፣ ሲወርድ የሚተው ገበያ ነው፤ ፋብሪካ ግን በሁለት ዓመት አይተከልም፣ ሃያ ዓመት ይሠራል። ለዚህም ነው ጋሼ ስለ ዋጋ ስነግራቸው የማይሰሙኝ። የሚጠይቁኝ ስለ ምድጃው ነው።

ምድጃው ማለታቸው ይህ ነው። ስፖዱሚን እንዲሁ በአሲድ ቢነከር ሊቲየሙን አይለቅም፤ ጥርሱን ነክሶ ይይዘዋል። በሚሽከረከር እቶን ውስጥ 1,050 ዲግሪ ድረስ ይጋገራል፣ ያኔ ውስጡ ይላላና ድንጋዩ ይፈረፈራል። ቀጥሎ በሰልፈሪክ አሲድ 250 ዲግሪ ገደማ ላይ ይታሻል፤ በውኃ ይታጠባል፤ መጨረሻ ላይ ሶዳ አሽ ሲጨመርበት ነጭ የሊቲየም ካርቦኔት ዱቄት ይዘቅጣል። ተለቅሞ የተጣራ ስምንት ቶን ስፖዱሚን አንድ ቶን ዱቄት ይሰጣል። ለአንድ መካከለኛ መኪና ባትሪ ከዚያ ዱቄት 50 ኪሎ ግራም ገደማ ይበቃል፤ ይህንን ለማግኘት ከመሬት የሚፈነቀለው አለት ግን ከሁለት ቶን በላይ ነው። ከመኪናው ክብደት አይተናነስም።

ሰልፈሪክ አሲድ የሚያመርት ፋብሪካ አዋሽ መልካሳ ላይ አለ። ሶዳ አሽ ከአብያታ ሐይቅ ሲወጣ ኖሯል፤ ሐይቁ በመሸሹ ብዙ የተወቀሰ ሥራ ነው፣ ወቀሳውም ትክክል ነው። ብረት ፎስፌት ለሚባለው፣ ኮባልት ለማይፈልገው የባትሪ ዓይነት የሚሆን ፎስፌት ወለጋ ቢቂላል ላይ ተገኝቷል፣ ግራፋይት በሞያሌ በኩል አለ፣ ማንጋኒዝ ደግሞ ደናክል እንካፈላ ላይ። አንድ አገር ይህን ያህል ተሰጥቶት ማየት ያስደስታል፤ በየካርታው ተበታትኖ ሲቀር ደግሞ ያንገበግባል። የዓለምን ሊቲየም አብዛኛውን የምታጣራው ቻይና ናት፤ ከድንጋዩ ይልቅ በምድጃዎቿ ነው የበለጠችን። ሞሮኮ ሊቲየም ሳታመርት ቀኒጥራ ላይ በ1.3 ቢሊዮን ዶላር የባትሪ ፋብሪካ ለማቋቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ከቻይናው ጎሽን ጋር ተስማምታለች።

ጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ፣ የኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር መኪና ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ምክንያቱ ነዳጁ ነው፤ አገሪቱ ያኔ በዓመት ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ለነዳጅ ታወጣ ነበር። በቀረጡም መንገድ ተጠርጎ ነበር፦ ሙሉ ሆኖ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመ 5 በመቶ፣ አገር ውስጥ ለመገጣጠም ተበታትኖ የሚመጣ ዜሮ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ውሳኔ የወሰነ ሌላ አገር አልነበረም። እኔ ውሳኔውን ስሰማ የታወሰኝ የ1966ቱ የካቲት ነው። ሃምሳ ዓመት ሆኖት ነበር።

ያን ዓመት በኡራኤል መንገድ አንድ የማውቀው የባትሪ ቤት ነበር። ባለቤቱ ሠላሳ ዓመት የእርሳስ ባትሪ ከፍቶ አሲድና የተጣራ ውኃ ሲሞላ፣ ኃይሉን በመስታወት ቱቦ ሲለካ የኖረ ሰው ነው፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ አሲድ በበላው ቀዳዳ የተሞላ ነው። አንድ ቀን ሄጄ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ክዳኑን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። ወፍራም የጎማ ጓንት አጥልቋል፤ የጣት ቀለበቱን አውልቆ ኪሱ ውስጥ አስቀምጧል። ውስጡ ሰማያዊ ሳጥኖች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፣ በብርቱካናማ ሽቦ ተያይዘዋል። ልጁ ስልኩ ላይ ያለውን የቻይንኛ መመሪያ እያስተረጎመ ያነብለታል። "ከመቶዎቹ አንዷ ናት የሞተችው" አለኝ ሳይቀና። "እሷን ካገኘሁ ሌላው ደህና ነው። ችግሩ እሷን የሚሸጥልኝ የለም።" የአንድ አገር የባትሪ ፋብሪካ ምኞት እውነተኛ ገበያው እዚህ ይጀምራል፤ የሞተችውን አንዷን ሳጥን ፈልጎ ከሚያጣ ሰው እጅ።

ከዚያ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ደረሰ። ጥቅምት 11 ቀን አፍሪካ አዳራሽ ለዓመታት ታድሶ እንደገና ተከፈተ፤ የአፈወርቅ መስታወት ጸድቶ እንደ መጀመሪያው ቀን አበራ። ከመንገዱ ማዶ በዚያው ሰሞን ካዛንቺስ የኮሪደር ልማት በሚባለው የከተማ እድሳት ይፈርስ ነበር። ቤት ንብረቱን ኢሱዙ ላይ እየጫነ ሰው ሲሄድ፣ አጥር የሌለው ግቢ፣ ግድግዳ የሌለው ጓዳ፣ ጥላሸት የለበሰ የማድ ቤት ጥግ ለመንገደኛ ሁሉ ተገልጦ ሲታይ፣ የተሰማኝን መናገር አልችልም። የኢንቺስ ቤቶች ሄዱ፣ እኛ ባትሪ ድንጋይ የምናሰጣበት ቆርቆሮም ሄደ። የባትሪ ቤቱም ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። ጋሼ ዕቃቸውን ሁሉ መኪናው ላይ ሲያስጭኑ ሳጥኑን ግን አላስነኩም፤ ጋቢና ገብተው እግራቸው መሀል አስቀመጡት።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የህዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት። በቆቃ 43 ሜጋ ዋት ከተማ ያበራንበትን ዘመን ለሚያስታውስ ሰው ቁጥሩ ዕንባ ያመጣል። ያን ቀን ጋሼን ልጠይቅ ኮንዶሚኒየማቸው ሄድሁ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃውን በየፎቁ እያረፉ ነው የሚወጡት። ምረቃውን በቴሌቪዥን አብረን አየን። ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻ ቀርቦ፣ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ነበር።

እንግዳው ሲበተን ጋሼ ሳጥኑን አስከፈቱኝ። ስፖዱሚኑን አንስተው መስኮቱ ጋ ይዘውት ቆሙ። ከታች የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ አንድ ወጣት ከምድር ቤቱ መስኮት ረጅም ገመድ አውጥቶ መኪናውን ቻርጅ ያደርጋል።

"እሳቱ ይኸው ተገኘ" አሉ ወደ ቴሌቪዥኑ በአገጫቸው እያመለከቱ። "ድንጋዩም አለ። ምድጃውን የት ሊተክሉት ነው? ጉጂ ቢተክሉት ነው ደግ፤ የዚያ አገር ልጅ አጠገቡ እየኖረ ይሠራበታል። አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ፣ ጠይቅልኝ እስቲ።"

እጠይቃለሁ አልኋቸው።